የዝንጅብሉ ሽታ ከውሃው ጋር አይደፋ

በወላይታ ሶዶና በአረካ ገበያ ደረቅ ዝንጅብል የሚሸጠው በሚዛን ነው። ዘይት አውጪው ፋብሪካ የሚፈልገው ግን ክብደቱን ሳይሆን ሽታውን ነው። ከአንድ ኩንታል ደረቅ ዝንጅብል የሚገኘው ዘይት ከ1 እስከ 3 ኪሎ ቢሆን ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የገባው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ብዙ ማሳ ካጠፋ ወዲህ ደግሞ የእያንዳንዱ ኪሎ ነገር ያሳስባል።

ዝንጅብል እንደ አረቄ በእንፋሎት ሲነጠር ዘይቱ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ተቀፍፎም ይወሰዳል። ከፊሉ ግን በውሃው ሟምቶ ስለሚቀር አብሮ ይደፋል። ይህን መልሶ ለመያዝ ከሚያገለግሉት አንዱ ሳይክሎዴክስትሪን የተባለው ዱቄት ነው። ዱቄቱ ከስታርች በኢንዛይም ይሠራል፤ ሞለኪዩሉም የቀለበት ቅርጽ አለው። የቀለበቱ ውጭ ውሃ ይወዳል፤ ውስጡ ግን ዘይትነት ያለውን ነገር ያስገባል። ቤታ የተባለው ዓይነት በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ ሽታውን እንደያዘ ይዘቅጣል፤ ተጣርቶም ይደርቃል። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ የያዘውን ይለቃል።

ሒሳቡስ? ሎሚ ሎሚ የሚለውን ሲትራል አንድ ለአንድ ቢይዝ፣ ለ1 ኪሎ ሲትራል 7 ኪሎ ተኩል ያህል ዱቄት ያስፈልጋል። ስለዚህ ተቀፍፎ ለሚወሰደው ዘይት ዱቄት ማውጣት ኪሳራ ነው፤ ቦታው ሟምቶ የሚቀረው ዘንድ ነው። ስታርቹ ከካሳቫ ሊገኝ ይችላል፤ ካሳቫ ደግሞ ለወላይታ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ባለሀብቱ ሊያስመረምር የሚገባው፣ የሚደፋው ውሃ ምን ያህል ሽታ እንደያዘ ነው።