የዓለም ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ውድድር

የዓለም ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ውድድር ከ1939 እስከ 1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በየዓመቱ ይካሄድ የነበረ የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው። ሄራልድ አሜሪካን የተባለው የቺካጎ ጋዜጣ ይደግፈው ነበር። ስሙ «የዓለም» ቢባልም ተወዳዳሪዎቹ የአሜሪካ ቡድኖች ነበሩ። ከ10ሩ ውድድሮች 4ቱ፣ ማለትም ከ1942 እስከ 1945 ያሉት፣ የተካሄዱት አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ሳለች ነው። ከእነዚህም በ1943 ዋንጫውን የወሰደው ዋሽንግተን ቤርስ ተጫዋቾቹ በሙሉ ጥቁር አሜሪካውያን የነበሩበት ቡድን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመር

በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጥ የሆነ የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ አልነበረም። በ1937 የተመሠረተው ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ሊግ በአብዛኛው የመካከለኛው ምዕራብ የፋብሪካ ከተሞችን ቡድኖች ያቀፈ ነበር። ሌሎች ቡድኖች በየከተማው እየዞሩ ካገኙት ጋር በመጫወት ይተዳደሩ ነበር። ጥቁር ተጫዋቾችን በሊጉ የሚቀበል ቡድን ስላልነበረ እነሱም የራሳቸውን ተዘዋዋሪ ቡድኖች አቋቋሙ። ዋነኞቹ በሮበርት ዳግላስ በ1923 የተመሠረተው ኒው ዮርክ ሬንስ እና ሃርለም ግሎብትሮተርስ ነበሩ።

የቺካጎው ውድድር ልዩ የሆነው የሊግ ቡድኖችንም ተዘዋዋሪዎቹንም፣ ነጮችንም ጥቁሮችንም በአንድነት በመጋበዙ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሬንስ በፍጻሜው የሊጉን ጠንካራ ቡድን ኦሽኮሽ ኦል ስታርስን 34 ለ 25 ረታ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ግሎብትሮተርስ ቺካጎ ብሩይንስን 31 ለ 29 አሸነፈ።

የሬንስ ተጫዋቾች ካሸነፉ በኋላ የተሰጣቸው ጃኬት ጀርባ «የጥቁሮች የዓለም ሻምፒዮን» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ነበረበት። ጆን አይዛክስ የተባለው ተጫዋች «የጥቁሮች» የሚለውን ቃል በምላጭ ፈትቶ አነሣው። ያሸነፉት ሁሉንም ስለነበር ማዕረጉም ያለ ቅጽል መጠራት አለበት የሚል መልእክት ነበረው።

ጦርነቱ ያመጣው ለውጥ

አሜሪካ በታኅሣሥ 1941 ጦርነቱን ስትቀላቀል ብዙ ተጫዋቾች ለውትድርና ተመለመሉ። የመኪና ጎማና ቤንዚን በራሽን መታደል ጀመረ፤ በ1942 መጨረሻ የቤንዚን ራሽኑ መላ አገሪቱን አዳረሰ። በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይኖር ለነበረ ቡድን ይህ ኑሮውን የሚያናጋ ነበር። የሊጉም ቡድኖች ቁጥር በ1942–43 ወደ 5 ወረደ።

በሌላ በኩል የተጫዋች እጥረቱ ተዘግቶ የቆየ በር ከፈተ። በዚያው የውድድር ዘመን የቶሌዶ ቡድንና ቺካጎ ስቱድቤከርስ ጥቁር ተጫዋቾችን በሊጉ አሰለፉ። የቺካጎው ቡድን ተጫዋቾች በስቱድቤከር ፋብሪካ የጦርነት ሥራ ላይ የተሰማሩ ሲሆኑ፣ ከቡድኑ ውስጥ በርካታ የቀድሞ የግሎብትሮተርስ ተጫዋቾች ነበሩበት። የቶሌዶው ቡድን ግን ዘመኑ ሳይጠናቀቅ ከሊጉ ወጣ።

ዋሽንግተን ቤርስ እና የ1943 ውድድር

ዋሽንግተን ቤርስን በ1941 ያቋቋመው የሬዲዮ ስፖርት ዘጋቢው ሃል ጃክሰን ነው። ጨዋታዎቹ የሚካሄዱት ደጋፊው ጆ ተርነር በዋሽንግተን በነበረው አዳራሽ ነበር። የሬንስ ጉዞ በጦርነቱ ሲስተጓጎል ጆን አይዛክስ፣ ፖፕ ጌትስ፣ ታርዛን ኩፐር፣ ዶሊ ኪንግና ዛክ ክሌይተንን የመሳሰሉ ተጫዋቾች ወደ ቤርስ መጡ። ከእነሱ አንዳንዶቹ በሥራ ቀናት በኒው ዮርክ አካባቢ በሎንግ አይላንድ በሚገኘው የግሩማን የጦር አውሮፕላን ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ለቡድኑ የሚጫወቱት እሑድ እሑድ ነበር።

በ1943 ቤርስ በሩብ ፍጻሜ ሚኒያፖሊስ ስፓርክለርስን 40 ለ 21፣ በግማሽ ፍጻሜ ዴይተን ዳይቭ ቦምበርስን 38 ለ 30 አሸነፈ። በፍጻሜው ያገኘው ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ኦሽኮሽን ነበር። 43 ለ 31 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ፤ ዘመኑንም በ41 ድልና ያለ አንዳች ሽንፈት ደመደመ።

የዚያን ጊዜ ውጤቶች ለዛሬ አንባቢ ዝቅተኛ ሊመስሉ ይችላሉ። ቡድኖች በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫት እንዲወረውሩ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ1954 ነው። ከዚያ በፊት እየመራ ያለ ቡድን ኳሷን በቅብብል ይዞ ሰዓቱን ሊገፋ ይችል ነበር። ስለዚህ የ12 ነጥብ ልዩነት ሰፊ ነበር።

የጦርነት ዓመታት የፍጻሜ ውጤቶች

1942፦ ኦሽኮሽ ኦል ስታርስ 43 – ዲትሮይት ኢግልስ 41
1943፦ ዋሽንግተን ቤርስ 43 – ኦሽኮሽ ኦል ስታርስ 31
1944፦ ፎርት ዌይን ዞልነር ፒስተንስ 50 – ብሩክሊን ኢግልስ 33
1945፦ ፎርት ዌይን ዞልነር ፒስተንስ 78 – ዴይተን አክሜስ 52

ፎርት ዌይን በ1946ም ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። ቡድኑ የተሰየመው ባለቤቱ ፍሬድ ዞልነር በነበረው የሞተር ፒስተን ፋብሪካ ሲሆን፣ የዛሬው ዲትሮይት ፒስተንስ ቀዳሚ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ

በ1946 የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ማኅበር የተባለ አዲስ ሊግ ተመሠረተ። በ1949 ከብሔራዊው ሊግ ጋር ተዋህዶ የዛሬው ኤንቢኤ ሆነ። በ1948 በመጨረሻው የቺካጎ ውድድር ሚኒያፖሊስ ሌከርስ ሬንስን 75 ለ 71 አሸነፈ። ሊጎቹ እየጠነከሩ ሲሄዱ ሻምፒዮኑን በግብዣ ውድድር መለየት አስፈላጊነቱ ቀረ።

የቺካጎ ሜዳ ግን ለሁሉም ክፍት ነበር፤ አዲሱ ሊግ አልነበረም። ፖፕ ጌትስና ዶሊ ኪንግ በ1946 በብሔራዊው ሊግ ቢሰለፉም፣ በኤንቢኤ ጥቁር ተጫዋቾች መጫወት የጀመሩት በ1950 ነው። ይህም ቤርስ ዋንጫውን ካነሣ ከ7 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ በዚያ ጊዜም የቡድኑ ኮከቦች ምርጥ ዘመናቸውን አሳልፈው ነበር። ታርዛን ኩፐር በ1977፣ ፖፕ ጌትስ በ1989፣ ጆን አይዛክስ በ2015፣ ዛክ ክሌይተን በ2017 በናይስሚዝ የቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ስማቸው ሰፍሯል። ክሌይተን በኋላ የቦክስ ዳኛ ሆኖ በ1974 በኪንሻሳ የተካሄደውን የመሐመድ አሊና የጆርጅ ፎርማን ግጥሚያ ዳኝቷል።