ሁለት ካሜራ፣ አንድ ቀለም

ቀይ ሊትመስ በቤዝ ውስጥ ሰማያዊ መሆኑን በሁለት የቪዲዮ ካሜራዎች ስንቀርጽ፣ በአንደኛው ሐምራዊ መስሎ ቢታይ ተማሪው የትኛውን ይመን?

ዓይናችን ከብርሃኑ ጋር ይለማመዳል፤ ካሜራ ግን ነጭ የቱ እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። የስቱዲዮ ባለክር አምፑል ብርሃን 3200 ኬልቪን ገደማ ሆኖ ወደ ቢጫ፣ የቀን ብርሃን 5600 ገደማ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በአውቶማቲክ የተተዉ ካሜራዎች ይህን እየራሳቸው ስለሚገምቱ ቀለማቸው ይለያያል።

ስለሆነም፦
1. መስኮቱን በመጋረጃ ጋርዶ በአንድ ዓይነት አምፑል ብቻ መሥራት፤
2. አውቶማቲኩን አጥፍቶ፣ ሙከራው በሚካሄድበት ቦታ በተያዘ አንድ ነጭ ወረቀት ሁለቱንም ካሜራዎች ማስተካከል፤
3. ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ይህንኑ መድገም ያስፈልጋል።

የካሜራዎቹ ሥሪት ከተለያየ ጥቂት ልዩነት ይቀራል፤ እርሱም በቅንብር ጊዜ ይታረማል።