ስለ ዕጢና ሆርሞን የሚባለውና እውነቱ

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ባደጉ እናቶች አንገት ላይ በመደዳ የተነቀሰውን ጥቁር ሰማያዊ መስመር ያላየ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ለውበት ተነቅሰውታል። አንዳንዶቹ ግን ልጅ ሳሉ አንገታቸው እብጥ ብሎ ስለታየ፣ እንቅርቱ እንዳያድግ ተብሎ ነው መርፌው ያረፈባቸው። ሌላም ቦታ እንቅርት በጋለ ብረት ይተኮሳል፣ ይበጣል፣ ቅጠል ተደቁሶ ይታሰርበታል። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ነገሩ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል። ይህን ያደረጉ ወላጆች ለልጃቸው ተጨንቀው ነው፤ በዓይናቸው ያዩትን እብጠት አከሙ። የእብጠቱ መነሻ ግን ከአንገት ርቆ የሚገኝ ነው።

ስለ ሆርሞን የያዝናቸው የተሳሳቱ እምነቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ይመስለኛል። የሚታየውን አካል እናያለን፤ በደም ውስጥ የሚመላለሰውን መልእክትና መጠኑን ግን አናስብም። ሆርሞን አንድ ዕጢ ሠርቶ ወደ ደም የሚለቀው፣ ራቅ ብሎ ያለን ሌላ አካል «ሥራ» ወይም «ይብቃህ» ብሎ የሚያዝ ኬሚካል ነው። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሲያንስም ሲበዛም ያሳምማል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚለየው በደም ምርመራ ነው፤ ሕክምናውም ያነሰውን መሙላት፣ የበዛውን መቀነስ ነው።

«እንቅርት ከውሃው ነው»

እንቅርት በበዛበት መንደር ሰው ጥፋቱን የሚያላክከው በሚጠጣው ምንጭ ላይ ነው። «የዚያ አገር ውሃ እንቅርት ያወጣል» ሲባል የሰማን ብዙ ነን። በዚህ አባባል ውስጥ ግማሽ እውነት አለ፤ ለዚህም ነው ሳይሞት የኖረው።

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብላ፣ በአንገት ፊት ለፊት የተቀመጠች፣ ግራና ቀኝ ሁለት ክንፍ ያላት ዕጢ ናት። የምትሠራው ዋና ሆርሞን ታይሮክሲን ይባላል። እያንዳንዱ የታይሮክሲን ሞለኪውል አራት የአዮዲን አቶሞችን ይይዛል፤ አዮዲን ከሌለ ሆርሞኑም የለም። ይህን ሥራ የምትቆጣጠረው በአእምሮ ግርጌ የምትገኘውና የሽምብራ ፍሬ የምታክለው ፒቱታሪ ናት። በደም ውስጥ ያለው ታይሮክሲን ሲያንስ ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለ የራሷን ሆርሞን ትለቃለች፤ ሲበቃ ትቀንሳለች። አዮዲን ሲጠፋ ግን ታይሮይድ ብትታዘዝም የምትሠራበት ነገር የላትም። ፒቱታሪም፣ ልጇ አልሰማ ሲላት ድምፅዋን ከፍ እያደረገች እንደምትጣራ እናት፣ ትእዛዟን ታበዛለች። ታይሮይድ በዚህ ትእዛዝ ብዛት ሴሎቿን እያራባች ታድጋለች። እንቅርት የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው፦ ከጎደለው አዮዲን ትንሿን ሳታስመልጥ ለመያዝ በሥራ የገዘፈች ዕጢ።

ወደ ውሃው ስንመለስ፣ አዮዲን በቀላሉ ከአፈር ታጥቦ የሚሄድ ንጥረ ነገር ነው። ለሺህ ዓመታት ዝናብ ያጠበው ደጋና ተራራማ መሬት አዮዲኑን ለወንዝ፣ ወንዙም ለባሕር አስረክቧል። በዚያ መሬት የሚፈልቀው ውሃ፣ የሚበቅለው ጤፍና ድንች፣ ሣሩን የምትግጠው ላም ወተት ሁሉም አዮዲን ያንሳቸዋል። ስለዚህ ምንጩ ውስጥ ክፉ ነገር የለም፤ የጎደለ ነገር አለ። ምንጭ መቀየር የማይጠቅመውም እህሉ ከዚያው አፈር ስለሚመጣ ነው። እናትና ልጆች አንድ ላይ እንቅርት ሲያወጡ «ይተላለፋል» የሚባለውም እንደዚሁ ነው። የዘር ዝንባሌ ድርሻ ሊኖረው ቢችልም፣ በአንድ ማዕድ መብላትና በአንድ ኩባያ መጠጣት እንቅርት አያስይዝም።

አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም ነው። ለ70 ዓመት ቢሰላ 4 ግራም እንኳ አይሞላም። ለነፍሰ ጡር ግን የዓለም ጤና ድርጅት 250 ማይክሮ ግራም ይመክራል፤ ምክንያቱም ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ታይሮክሲን ስለማይሠራ አእምሮው የሚገነባው በእናቱ ሆርሞን ነው። በዚያ ወቅት ብዙ አዮዲን ከጎደላት ልጁ በኋላ ሊመለስ የማይችል የአእምሮ ጉዳት ይዞ ሊወለድ ይችላል። የአንገት እብጠት የሚታየው ክፍል ብቻ ነው፤ ትልቁ ኪሳራ ትምህርት ቤት ተቀምጠው ትምህርት አልገባ የሚላቸው ልጆች ናቸው።

አገራችን ይህን ኪሳራ በደንብ ታውቀዋለች። ከኤርትራ ጋር በ1998 ጦርነት ከተነሣ በኋላ (እዚህ የጠቀስኳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቀይ ባሕር ወደቦች ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ተቋረጠ። ገበያውን የያዘው በአብዛኛው ከአፍዴራ የሚወጣ፣ አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው ነበር። ከዚያ በኋላ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ለትምህርት ከደረሱ ልጆች ከአሥሩ አራት ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ።

ደንቡ ግን እስከ ማጀት አይደርስም። ጨው ሻካራ ነው ተብሎ በውሃ ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ወይም ክዳን በሌለው ዕቃ ጭስና እንፋሎት አጠገብ ይቀመጣል። አዮዲኑ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሲታጠብም አብሮ ይሄዳል። ጨውን በሚከደን ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ምንም ወጪ የለውም። ጎመን እንቅርት ያመጣል የሚለው ጭንቀት ደግሞ ከልክ ያለፈ ነው። አዮዲን በበቂ የሚያገኝ ሰው የተቀቀለ ጎመን በመብላቱ እንቅርት አያወጣም።

«እንቅርት ቆርጦ መጣል ነው»

ይህን እምነት አንድ ታላቅ ሐኪም በታካሚዎቹ ላይ ፈትኖታል። ቴዎዶር ኮኸር በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ነበር። ተራራማዋ ስዊዘርላንድ ያኔ እንደ እኛ ደጋ እንቅርት የሞላባት አገር ነበረች፤ ኮኸርም ብዙ ደም ሳያፈስ እንቅርት በማውጣት ስሙ ገንኖ ነበር። በ1874 ዕጢዋን ሙሉ በሙሉ ያወጣላት አንዲት ልጅ ነበረች። ከዓመታት በኋላ ሲያገኛት እድገቷ ቆሞ፣ ፊቷ አብጦ፣ አእምሮዋ ፈዞ ነበር፤ ታናሽ እህቷ በቁመት ጥላት ሄዳለች። ደንግጦ ሌሎቹንም ፈልጎ ቢመረምር፣ ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ብዙዎቹ እንደዚያው ሆነው አገኛቸው። ኮኸር ይህን አልደበቀም። በ1883 በሙያ ባልደረቦቹ ጉባኤ ፊት ተናገረው። በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በታይሮይድ ላይ በሠራው ሥራ ነው።

ትርፍ ሥጋ ትመስል የነበረችው ዕጢ ለሰውነት የግድ አስፈላጊ መሆኗ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በ1891 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ሙሬይ ከበግ ታይሮይድ ያወጣውን ፈሳሽ፣ ዕጢዋ ሥራ ላቆመባት አንዲት ሴት በመርፌ ሰጣት። ዳነች፤ መተኪያውን እየወሰደች ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። ዛሬ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው እንቅርቶች አሉ፦ የመተንፈሻ ቱቦ የሚያጠቡ፣ ካንሰር የሚጠረጠርባቸው፣ በመድኃኒት ያልተመለሱ። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ግን በየቀኑ የታይሮክሲን እንክብል ይውጣል፤ ዕድሜ ልኩን።

«አንገቱ ካላበጠ ታይሮይድ የለበትም»

በጣም የሚጎዳን ስህተት ይህ ነው። ታይሮይዱ የሰነፈ ሰው አንገቱ ሳያብጥ ይደክመዋል፣ ብርድ አይችልም፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቆዳው ይሻክራል። ታይሮይዱ የበዛበት ደግሞ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እየበላ ይከሳል፣ አንዳንዴም ዓይኑ ይፈጥጣል። ቤተሰብ የመጀመሪያውን «ሰነፈ» ይለዋል፤ ሁለተኛውን «ዓይን በላው» ወይም «ጭንቀት ነው» ብሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዞረው ልቡ ይጎዳል። አንድ የደም ምርመራ፣ ቲ.ኤስ.ኤች.፣ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ይለየዋል። በተቃራኒው ደግሞ ውፍረት ሁሉ በታይሮይድ አይሳበብም። የታይሮክሲን ማነስ የሚያመጣው ጭማሪ በአብዛኛው ከሁለት እስከ አምስት ኪሎ ነው፤ ብዙው ክፍል ውሃና ጨው ነው። ለመክሳት ብሎ ታይሮክሲን መውሰድ ልብን አደጋ ላይ ይጥላል።

«በድንጋጤ ስኳር ያዘው»

የልጁን መርዶ በሰማ ማግስት ስኳር ተገኘበት የሚባል ሰው በየሰፈሩ አለ። ድንጋጤ ሲመጣ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃሉ፤ ጉበትም ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ያፈስሳል። ጤነኛ ቆሽት ኢንሱሊን ጨምሮ ይመልሰዋል። አስቀድሞ የደከመ ቆሽት ግን ሊመልሰው አይችልም፤ ተደብቆ የቆየው በሽታ ያኔ ይወጣል። በልጆችና በወጣቶች ላይ በሚበዛው ዓይነት አንድ ስኳር፣ የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ማጥፋት የሚጀምረው ምልክት ከመታየቱ ወራት ወይም ዓመታት በፊት ነው። ስለዚህ መርዶውን የነገረው ዘመድ ራሱን አይውቀስ።

ከዚህ የከፋው «ኢንሱሊን የጀመረ አለቀለት» የሚለው ነው። ከ1922 በፊት ዓይነት አንድ ስኳር የያዘው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት ሁለት ዓመት በላይ አይቆይም ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ወር በቶሮንቶ አንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን ኢንሱሊን ተወጋ፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ኢንሱሊን ሱስ አይደለም፤ ሰውነት ራሱ ይሠራው የነበረው ሆርሞን ነው። በአፍ የማይሰጠውም ፕሮቲን ስለሆነ ጨጓራ ስለሚፈጨው ነው። ግራዋ፣ ሬት ወይም ሽፈራው መራራ ስለሆነ ጣፋጩን ያጠፋል ብሎ መርፌውን ያቆመ የዓይነት አንድ ሕመምተኛ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ወደ ጸበል የሚሄድ ሰው መርፌውን ይዞ ይሂድ። እምነቱን የማይነካ መድኃኒት ትቶ ሲሄድ ልጁን ያጣ ወላጅ ኀዘን በምንም አይካስም። ብዙ የሚጠጣ፣ ሌሊት ደጋግሞ የሚሸና፣ የሚከሳ ልጅ ካለ ታይፎይድ ነው ብሎ ከመገመት በፊት የደም ስኳሩ ዛሬውኑ ይለካ።

«የሦስት ወር መርፌ ያመክናል»

አያመክንም። ግን መፀነስን ያዘገያል። ይህ የወሊድ መከላከያ መርፌ ፕሮጄስትሮን የሚመስል ሆርሞን ነው፤ ፒቱታሪ እንቁላል እንዲወጣ የምታዝበትን መልእክት ያግዳል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስኪፀነስ አማካይ ጊዜው አሥር ወር ገደማ ነው፤ ቶሎ መውለድ የምታስብ ሴት ይህን ቀድማ ልትሰማው ይገባል። በክንድ የሚቀበረው ሲወጣ ግን የመፀነስ አቅም ወዲያው ይመለሳል። የወር አበባ ሲቀር «ደሙ ማህፀን ውስጥ ተጠራቀመ» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ በሆርሞኑ የተነሣ የማህፀኑ ሽፋን ስስ ሆኖ ስለሚቆይ የሚወርድ ነገር የለም።

ከፋርማሲ በራስ ውሳኔ ተገዝተው የሚወሰዱትን ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን በአጭሩ ላንሣ። ሁለቱም ኮርቲሶልን የሚተኩ ሆርሞኖች ናቸው። ለሳምንታት ሲወሰዱ አድሬናል ዕጢ ኮርቲሶል መሥራቱን ሊያቆም ይችላል፤ በድንገት ከተቋረጡ ሰውነት ያለ ኮርቲሶል ይቀርና ሰውየው ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። የጀመረ ሰው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው በሐኪም ነው።

የመጨረሻው ቃሌ የታይሮክሲን እንክብል ለምትወስድ እህት ነው። እርጉዝ መሆንሽን ባወቅሽበት ሳምንት ሐኪምሽን አግኚ፤ መድኃኒቱ ፅንሱን ይጎዳል ብለው እንድታቆሚ ለሚመክሩሽ ጆሮ አትስጪ። ብዙ ጊዜ መጠኑ ከፍ ማለት አለበት። ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ዋጪው፤ ቡናውና ቁርሱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይቆይ። በእርግዝና ክትትል የሚሰጥሽን የብረት እንክብል ደግሞ አብረሽ አትውሰጂ፤ ብረት ታይሮክሲኑን አንጀት ውስጥ ስለሚይዘው በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ይኑር።