ሎሚ የማይፈራ ድንጋይ

ሀዋሳ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳውን አቁሞ፣ ጣሪያውን መትቶ ፊኒሺንግ ላይ ሲደርስ ኪሱም ትዕግሥቱም ሳስቷል። የኪችኑ ወለልና ባንኮኒ የሚመረጠው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው። ሱቅ ውስጥ መብራት ያረፈበት ሁሉ ያምራል። መታሰብ ያለበት ግን ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ የሚወርድበት ነው፦ የቁሌት ዘይት፣ እርድ፣ የእንጀራ ሊጥ፣ የቡርሳሜ ቅቤ፣ ከአሞራ ገደል የተገዛ ቆሮሶ ዓሣ ከነሎሚው።

ከሎሚው ልጀምር፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እሱን በመርሳት ነውና። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሳይት የሚባል ማዕድን ነው፤ ካልሳይት ደግሞ አሲድ አይችልም። ሎሚ ብቻ አይደለም፤ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም፣ የቦካ ሊጥ፣ ቆጮም ጭምር አሲድ አላቸው። ጠብታው ባረፈበት ቦታ ላይ ወዙ ይጠፋና ደብዛዛ ክብ ይቀራል። ያ እድፍ ሳይሆን የተበላ ድንጋይ ስለሆነ በሳሙና አይለቅም፤ እንደገና በማሽን መወልወል ይፈልጋል። ቢላም ይጭረዋል። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ካልሳይት 3 ላይ ሲቆም፣ ግራናይት ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ይደርሳል። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዳለቲ የሚወጣው እብነ በረድ የምንኮራበት ሀብት ነው፤ እኔ ግን ቦታው ሳሎንና ደረጃ ላይ ነው እላለሁ።

ለባንኮኒ ግራናይት ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት ከሻጩ ቁራጭ ለምናችሁ ሎሚ ጠብ አድርጉበትና ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጥረጉት። ምልክት ካልተወ ጥሩ ነው። ፈዛዛ ቀለም ያለው ግራናይት ዘይትና እርድ ሊመጥ ስለሚችል መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል፤ ጠቆር ያለው እድፉን ይሸሽጋል። ድንጋዩ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በላቫንዲኖው ፊት ለፊት በሚቀረው ቀጭን ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ሲጓጓዝ ጠፍጣፋ አስተኝቶ ሳይሆን በጎኑ አቁሞ መያዝ፣ ከሥሩም ጥሩ ድጋፍ ማድረግ ይገባል። በሙጫ መሰል ማጣበቂያ ከኳርትዝ ዱቄት የሚሠራው ሰው ሠራሽ ድንጋይ በቀላሉ እድፍ አይይዘውም፤ ከእሳት የወረደ ድስት በቀጥታ ከተቀመጠበት ግን ማጣበቂያው ይበላሻል። ችፑድ ላይ የተለጠፈ ፎርማይካ ዋጋው ቀላል ነው፤ በላቫንዲኖው ዙሪያ ውሃ ከገባው ግን ያብጣል።

ወደ ወለሉ እንውረድ። ሀዋሳ ለሴራሚክ እንግዳ አይደለችም። በከተማዋ ተራራ ስም የተሰየመው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ከጉጂ ቦምቦዋ የሚመጣ ካኦሊን፣ ነጭ የሸክላ አፈር ማለት ነው፣ ሲጠቀም ኖሯል። ሴራሚክም ፖርሰሊንም በእሳት የተጠበሰ አፈር ናቸው። ልዩነቱ ፖርሰሊን ይበልጥ ተጠቅጥቆ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚጠበስ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም፤ የግድግዳ ሴራሚክ ግን ከ10 በመቶ በላይ ሊመጥ ይችላል። ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ወዲያው ከጠጣው የግድግዳ ነው፤ ወለል ላይ አታንጥፉት።

የሚያብረቀርቅ ወለል ላይ ቅቤ ከፈሰሰ እናት ትወድቃለች። ለኪችን ማት የሚባለውን፣ እጅ ሲዳስሰው ሻከር የሚለውን ምረጡ። ሲሚንቶ ሊሾም አይናቅ፤ በደንብ ከተሠራ ርካሽና ጠንካራ ነው። የፕላስቲክ ምንጣፍ ግን ቡና በከሰል በሚፈላበት ቤት አንድ ፍም ከወደቀበት ይቃጠላል። ሙቀጫ ደግሞ በየትኛውም ሰድር ላይ አይወቀጥበት፤ ደጅ ይውጣ።

ፖርሰሊን ውሃ እምብዛም ስለማይመጥ በተራ የሲሚንቶ ቡኬት ብቻ ከተለጠፈ ውሎ አድሮ ይነሳል፤ የሴራሚክ ማጣበቂያ ይገዛለት። ሠራተኛው ሲጨርስ እያንዳንዱን ሰድር በሳንቲም ቆርቆር አድርጉ። ባዶ ድምፅ የሰጠው ከሥሩ አልሞላምና ሒሳብ ሳይዘጋ ይነሳ። ሀዋሳ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት፤ በጥር 2008 ዓ.ም. መሬት ተንቀጥቅጦባታል። ሰድሩ ግድግዳውን ተጠግቶ ከተጨናነቀ ትንሽ እንቅስቃሴም ያስነሳዋል። ዙሪያውን ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ይተውለት፤ ክፍተቱን ዞኮሎው ይሸፍነዋል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ግራናይትና ፖርሰሊን በደረቁ ሲቆረጡ የሚነሳው ነጭ ብናኝ ሲሊካ አለው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን በሽታ ያመጣል። በሰው ሠራሹ ድንጋይ ብናኝ የተነሳ አውስትራሊያ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አጠቃቀሙን በሕግ ከልክላለች። ግቢያችሁ ውስጥ የሚቆርጠው ወጣት ውሃ እያፈሰሰ ይቁረጥ፤ አፍና አፍንጫውን የሚገጥም ጭምብልም ግዙለት። ዋጋው ከአንድ ካርቶን ሴራሚክ አይበልጥም።

ካርቶን ካነሳን ዘንድ፣ ሁሉም ካርቶኖች ላይ የተጻፈው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም መጠኑም ይዛነፋል። አንድ ካርቶን ትርፍ ግዙና አስቀምጡ፤ ከዓመታት በኋላ አንዱ ሰድር ቢሰበር ያንኑ ቀለም ገበያ ላይ አታገኙትም።