በመካነ ሰላም ለገበሬው የሚፈርመው ማነው?

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚገባ የእህል ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ከዋጋው ይከብዳል፤ በገበሬው ስም ማን ይፈርማል?

በቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋዎች ስንዴው፣ ገብሱና ባቄላው የሚሰበሰበው ከብዙ ትናንሽ ማሳዎች ስለሆነ ከእያንዳንዱ ገበሬ ጋር መዋዋል አይቻልም። ነጋዴው ሊቀመንበር ይፈልጋል። ሊቀመንበር የሚለው ስም ደግሞ በአገራችን ገጠር ያለፈ ታሪክ ያለው ስም ነው።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ አንድ ገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ800 ሄክታር ላይ እንዲቋቋም ሲደነግግ፣ ከ10 ሄክታር በላይ የነበረው ባለርስት ክፍፍሉ እስኪያልቅ በአባልነት እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። መሪው የተመረጠው መሬት እንዲያከፋፍል ነው። ብዙ ሳይቆይ ግን ግብር ሰብሳቢ፣ ምልምል አቅራቢ፣ የእህል ነጋዴ በደንብ እንደሚያስታውሰውም የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ አስፈጻሚ ሆነ። ድርጅቱ ከነፃ ገበያው ባነሰ ቁርጥ ዋጋ ሲረከብ ልዩነቱን የከፈለው ገበሬው ነበር። ከታች ተመርጦ ለላይኛው የሚታዘዝ ሰው ወኪል መባሉ ያጠራጥራል!

አባላቱ ምን ያስቡ እንደነበር የታወቀው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ነው። ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ አብዛኞቹ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውንና መሬቱን ተካፍሎ ወደየቤቱ ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው የ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ሰጠ፤ የሥራ አመራር ኮሚቴውን ዘመን 3 ዓመት አድርጎ ከሁለት ተከታታይ ጊዜ በላይ መመረጥን ከለከለ፤ ተቆጣጣሪ ኮሚቴም ጨመረ። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። ሆኖም ብዙ ገበሬ አባል የሚሆነው ማዳበሪያ በማኅበሩ በኩል ስለሚመጣ እንጂ እህሉን በጋራ ለመሸጥ ብሎ አይደለም። ስለዚህ ዋጋ ሲያሻቅብ፣ ሊቀመንበሩ ቢፈርምም፣ እህሉን አህያ ላይ ጭኖ ገበያ ይወጣል። ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ ውሉን ያጸደቀውን የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ሳያዩ ቀብድ መክፈል ለነጋዴው አደገኛ ነው። መጋዘኑ ባዶ ቢገኝ የሚከሰሰው ማኅበሩ ነው፤ አባላቱ ደግሞ ከገዙት ዕጣ በላይ ለማኅበሩ ዕዳ አይጠየቁም።