ብስክሌት ለሰጠነው ልጅ የጎማ ጥገናም እናስተምረው



ትምህርት ቤቱ ለራቀበት የቲም ልጅ ብስክሌት መስጠት መንገዱን እንደ ማሳጠር ይቆጠራል። በሕንድ የቢሃር ግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ለዘጠነኛ ክፍል ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ መስጠት ከጀመረ በኋላ፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚዘልቁት ልጃገረዶች መጨመራቸውን አጥኚዎች አረጋግጠዋል። በዛምቢያ ገጠር የተካሄደ ጥናትም ብስክሌት ያገኙ ተማሪዎች የጉዞ ጊዜ በአንድ ሦስተኛ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥቅም የቆመው በአንድ ስስ ላስቲክ ላይ ነው። አንዲት የቀጋ እሾህ ከበሳችው ተሸካሚው ብስክሌት ራሱ ሸክም ይሆናል።

ችግሩ በእኛ አገር መንገድ

በአጅባርና በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለውን ደጋ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት፣ ጠጠርና ስለታም ድንጋይ የበዛበት ነው። ጎሚስታ የሚገኘው በከተማ ነው፤ ጎማ ግን የትም ይተነፍሳል። ብስክሌቱን እየገፋ የሚሄድ ልጅ የጠዋቱን ትምህርት ያጣል፤ በመመለሻው ከሆነም ይመሽበታል። ለሴት ልጅ ደግሞ ጭንቀቱ የከፋ ነው። በተነፈሰ ጎማ መንዳትም መፍትሔ አይደለም፤ ቸርኬው የውስጡን ላስቲክ (ካላማዳሪያውን) ይቆራርጠዋል፣ እርሱም ይጣመማል። በአንዲት ቁራጭ ላስቲክ ይድን የነበረው ጉዳት ሙሉ ጎማ ያስገዛል።

ጎማው የተሠራው ባለቤቱ እንዲፈታው ነው

በቤልፋስት የሚኖረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ዳንሎፕ በአየር የሚሞላውን ጎማ የሠራው ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ነበር፤ የፈጠራ መብቱንም በ1888 (እ.ኤ.አ.) አስመዘገበ። በዚያን ዘመን ጎማው ከቸርኬው ጋር ይጣበቅ ስለነበር ጥገናው ሰዓታት ይፈጅ፣ እስኪደርቅም ይታደርበት ነበር። በ1891 የፈረንሳዮቹ የሚሽላን ወንድማማቾች ተፈትቶ የሚገጠም ጎማ አወጡ። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን በዚህ ጎማ እየጋለበ ከፓሪስ ብረስት ደርሶ መልስ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ውድድር አሸነፈ። ዛሬ በእጃችን ያለው ጎማ የዚያ ዝርያ ነው፤ ስለዚህ ጥገናው የባለሙያ ምሥጢር አይደለም።

አጠጋገኑ

አየሩን ጨርሳችሁ አስወጡና የጎማውን አንድ ጠርዝ በማንኪያ እጀታ አንሡት። ካቻቢቴ አትጠቀሙ፤ ሌላ ቀዳዳ ይፈጥራልና። ካላማዳሪያውን አውጥታችሁ ንፉትና ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ቦታውን ምልክት አድርጉበት።

ቀጥሎ ያለውን ጀማሪዎች ይረሱታል፦ የውጭውን ጎማ ውስጡን በጥንቃቄ ዳስሱ። እሾሁ እዚያው ከቀረ የተጠገነውን መልሶ ይበሳዋል።

ላስቲኩን አድርቃችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፤ ማስቲሹም በስሱ ይቀባ። ወዲያው አትለጥፉ። ማጣበቂያው የሚይዘው ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ነውና አምስት ደቂቃ ያህል፣ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ድረስ ጠብቁ። ከዚያም ቁራጩን አጥብቃችሁ ተጫኑት። ሲመለስ ካላማዳሪያው በጥቂቱ ተነፍቶ ይግባ፤ ጠርዙም በእጅ ይገፋ።

ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኛችሁ ጥፋቱ የእሾህ አይደለም። ጎማው አየር ስላነሰው ላስቲኩ በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጧል። መድኃኒቱ ጎማውን ሁልጊዜ በሚገባ ነፍቶ መያዝ ነው።

ለለጋሾችና ለአሳዳጊዎች

ብስክሌት የምትሰጡ ወገኖች ሆይ! መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ ቁራጭ ላስቲክ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ለጎማው ብሎን የሚሆን ቁልፍ አብራችሁ ስጡ። ዋጋቸው ከብስክሌቱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። አሳዳጊዎችም ልጁን አንድ ከሰዓት በኋላ አስቀምጣችሁ ጎማውን ራሱ ፈትቶ ራሱ ይግጠም፤ እናንተ ተመልከቱ እንጂ አትሥሩለት። ሴቶች ልጆችም ከዚህ አይቅሩ።

ስጦታ አማና ነው፤ አማናን መጠበቅም ዕውቀት ይሻል። ጎማውን መጠገን የቻለ ልጅ ከመንገድ አይቀርም፤ ነገ የጎረቤቱንም ጠግኖ የደብተሩን ዋጋ ሊያገኝ ይችላል ኢንሻ አላህ።