ቋንቋ ለማስተማር ባሕር ማዶ፦ ከመፈረም በፊት

ደቡብ ኮሪያ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የውጭ ዜጎችን የምታስገባበት ኢ-2 የተባለው ቪዛ በዋናነት የተከለለው ለሰባት አገሮች ሰዎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለብሪታኒያ፣ ለካናዳ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድ፣ ለአየርላንድና ለደቡብ አፍሪካ። ሃያ ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተማረች፣ ሁለተኛ ዲግሪዋንም በዚያው ቋንቋ የያዘች የደሴ መምህርት በዚህ መንገድ ማመልከት አትችልም። በቅርቡ በሂሳብ አያያዝ የተመረቀ፣ ተማሪ ፊት ቆሞ የማያውቅ የኦሃዮ ወጣት ግን ይችላል። በግል የቋንቋ ማስተማሪያዎች ከፓስፖርቱና ከዲግሪው ሌላ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም።

ከሰባቱ ውስጥ የደቡብ አፍሪካ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ቤቱ ዙሉ ወይም ቆሳ ሲናገር ያደገ ደቡብ አፍሪካዊ በእንግሊዝኛ መማሩን የሚያስረዳ ማስረጃ ካቀረበ ይቀበሉታል። መቀበላቸውም ትክክል ነው። ግን በእኛም አገር ከ9ኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ለአንዱ የተማረበት ቋንቋ ከተቆጠረለት ለሌላው የማይቆጠርበት ምክንያት አይታየኝም።

ውጭ የሚኖሩ ዘመዶቻችንንም ይኸው ሕግ ለሁለት ይከፍላቸዋል። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህራን የሚቀጥረው የኮሪያ ፕሮግራም ከዜግነት ሌላ ከ7ኛ ክፍል አንስቶ ከሰባቱ አገሮች በአንዱ መማርን ይጠይቃል። በሕፃንነቷ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባች ልጅ ታልፋለች። ካደገ በኋላ በዲቪ ሄዶ ዜግነት ያገኘው ታላቅ ወንድሟ፣ ኮሌጁን እዚያው ቢጨርስም፣ ይቀራል።

ገበያው በመጀመሪያ የሚገዛው የማስተማር ችሎታን ሳይሆን ፓስፖርትን ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ የሚጎዳው ደጅ የቀሩትን ብቻ አይደለም። በፓስፖርቱ የተቀጠረ ሰው ሙያው ባይዳብርም የሚጠይቀው የለም፤ ቢለቅ ደግሞ የሚተካው ሌላ ወጣት ሞልቷል። በጃፓን ትልቁ የነበረው ኖቫ የተባለ የቋንቋ ትምህርት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲከስር በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ መምህራን ደመወዛቸው ቀረባቸው። የብዙዎቹን ቤት የተከራየላቸው ድርጅቱ ራሱ ስለነበር ደመወዙና ጣሪያው አብረው ሄዱ። በዚያው በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ጄት የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ከዚህ እጅግ የተሻለ ዋስትና አለው፤ ነገር ግን ውሉ በየዓመቱ የሚታደስ ቢሆንም ቢበዛ ከአምስት ዓመት አያልፍም። በሃያ ሦስት ዓመቱ ለሄደ አምስት ዓመት በረከት ነው። ትዳርና ልጅ ላለው የአርባ ዓመት መምህር ግን በስድስተኛው ዓመት ምን ሊሠራ እንደሚችል ሳያውቅ የሚገባበት ነገር አይደለም።

ቻይና ሰፊ ትመስላለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥ ያደረገችው የሥራ ፈቃድ ሥርዓት ከእንግሊዝኛ መምህር በአጠቃላይ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ዜግነትን፣ የመጀመሪያ ዲግሪን፣ የሁለት ዓመት ልምድን ወይም የማስተማር ሰርተፊኬትን ይጠይቃል። በ2021 ደግሞ በሕፃናት ትከሻ ላይ የተጫነውን ጥናት ለማቅለል በሚል በዋና ዋና ትምህርቶች ለትርፍ የሚሰጠውን የማጠናከሪያ ትምህርት አገደች፤ ውጭ አገር ተቀምጦ የቻይና ልጆችን በኢንተርኔት ማስተማርም አብሮ ቆመ። ደላላ ግን ዛሬም «በተማሪ ቪዛ ግባ፣ መዋለ ሕፃናት ታስተምራለህ» ይላል። ይህን ለሚሰማ ወጣት ሕጉን በግልጽ ልንገረው፦ ያለ ሥራ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ የውጭ ሰው ከ5 ሺህ እስከ 20 ሺህ ዩዋን ይቀጣል፣ ጥፋቱ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል፣ ከአገርም ሊባረር ይችላል። ደላላው አብሮ አይታሰርም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመምህሩ ችግር ከቤት ሠራተኛዋ ችግር ጋር አንድ ሥር አለው፤ ካፋላ። የመኖሪያ ፈቃዱ ከቀጣሪው ጋር የተሳሰረ ነው። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2020፣ ሳዑዲ ዓረቢያም በ2021 ሠራተኛ ቀጣሪውን የሚቀይርበትን ደንብ አላልተዋል፤ ሆኖም ከትምህርት ቤቱ ጋር የተጣላ መምህር ሥራውንና የመኖር መብቱን በአንድ ጊዜ የማጣት ስጋቱ አልጠፋም። ወረቀቱም አድካሚ ነው። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይጣራል፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል፣ ውጭ ጉዳይ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ ኤምባሲው። ይህ ሁሉ ወጪ የሚወጣው ቀጣሪው የጽሑፍ ውል ከላከ በኋላ እንጂ በስልክ በተሰጠ ተስፋ መሆን የለበትም።

ማንም «አፍ መፍቻህ አይደለም» ሊለን የማይችልበት በር ደግሞ አለ፤ አማርኛ። ይህ በር ጥንታዊ ነው። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ለጀርመናዊው ሊቅ ለኢዮብ ሉዶልፍ ያስተማሩት፣ ሰውዬው በ1698 ላሳተመው የአማርኛ ሰዋስው መሠረት ሆነ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በናፖሊ አማርኛ ያስተምሩ ነበር፤ ልብ ወለዳቸው ሮም ላይ የታተመው በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1905 በርሊን ገብተው በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አስተማሩ። ዛሬም በሃምቡርግ፣ በናፖሊና በፓሪስ፣ በዋሽንግተንም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ይሰጣል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ለማሠልጠን ለአማርኛ 44 ሳምንት ያህል ይመድባል።

ቦታው ግን ጥቂት ነው፤ አንድ መምህር ከያዘው ለዓመታት አይለቀውም። አማርኛ መናገርም ብቻውን አያስቀጥርም። በፊደል የማይታየውን መጥበቅና መላላት ለጀርመናዊ ተማሪ ማስረዳት፣ የግሥን እርባታ በደረጃ ማስተማር፣ ፈተና ማዘጋጀት የተለየ ሙያ ነው፤ አፉን በአማርኛ ለፈታ ተማሪ አማርኛን በማስተማር ያደገ ሰው የማያውቀው ሙያ። እኔ የምቆጨው ይህን ሙያ እዚሁ አገር ቤት እያለን አለማዳበራችን ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ የኤምባሲና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች አማርኛ የሚማሩት አብዛኛውን ጊዜ በግል አስጠኚ ነው። በዚያ ሥራ ሁለት ሦስት ዓመት የቆየ፣ የራሱን የማስተማሪያ ጽሑፍ ያዘጋጀና የቋንቋ ጥናት ዲግሪ ያለው ሰው ማመልከቻው ከሌላው ይለያል።

ስለዚህ የደሴዋን የእንግሊዝኛ መምህርት የምመክራት፣ የውል ወረቀት በእጇ ከሌለ የያዘችውን ቋሚ ሥራ እንዳትለቅ ነው። ወረቀቱ ከመጣ ደግሞ ከደመወዙ በፊት የምታነበው ቪዛው በማን ስም እንደሚወጣ፣ ቤቱን ማን እንደሚከራይ፣ ውሉ በመካከል ቢፈርስ የመመለሻ ቲኬቱን ማን እንደሚከፍል ይሁን። ከእሷ በፊት በዚያ ቦታ የነበረውን መምህር አድራሻ ትጠይቅ፤ ከሰጧት ደውላ ትጠይቀው፣ ካልሰጧት ምክንያቱን በጽሑፍ ትጠይቅ፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስም አትፈርም።